ምግብ የማይዘው መጥበሻ፦ የአንድ ፈጠራና የአንድ ስም ታሪክ

የመጥበሻው ታሪክ የሚጀምረው ከፍሪጅ ነው። በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካውያን ቤት መግባት የጀመሩት ፍሪጆች የሚሠሩት በአሞኒያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም በሜቲል ክሎራይድ ጋዝ ነበር። ቱቦው ከተነደለ ጋዙ ቤተሰብ ሊያፍን፣ ሰውም ሊገድል ይችል ነበር። ፍሪጅደር የተባለውን የፍሪጅ ፋብሪካ በሥሩ ያስተዳድር የነበረው ጄኔራል ሞተርስ የማይመርዝና የማይቀጣጠል ጋዝ እንዲፈለግ አዘዘ። በ1928 መሐንዲሱ ቶማስ ሚጅሊ ከባልደረቦቹ ጋር አገኘው። ጄኔራል ሞተርስ ከኬሚካል አምራቹ ዱፖንት ጋር ኪነቲክ ኬሚካልስ የሚባል የጋራ ኩባንያ መሠረተ፤ ጋዙም ፍሪዮን በሚል የንግድ ስም ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ዱፖንት ሌሎች ተመሳሳይ ጋዞችን ማፈላለጉን ቀጠለ። (እዚህ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍለጋው ከተሰጣቸው ወጣቶች አንዱ ሮይ ፕላንኬት ነበር። በ1936 ከኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪውን አግኝቶ፣ ኒው ጀርሲ ዲፕዋተር በሚገኘው የዱፖንት ጃክሰን ላቦራቶሪ ተቀጠረ። ለሙከራው ቴትራፍሎሮኤቲሊን የሚባል ጋዝ 45 ኪሎ ግራም ያህል አዘጋጅቶ፣ በትንንሽ ሲሊንደሮች ሞልቶ፣ በደረቅ በረዶ አቀዝቅዞ አስቀምጦት ነበር።

ሚያዝያ 6 ቀን 1938 ጠዋት ፕላንኬትና ረዳቱ ጃክ ሬቦክ የአንዱን ሲሊንደር ቫልቭ ከፈቱ። ጋዝ አልወጣም። አልቆ ይሆናል እንዳይሉ፣ ሲሊንደሩ ሲመዘን ክብደቱ እንደ ነበረ ነው። ቫልቩ ተደፍኖ እንደሆነ ብለው በሽቦ ቢወጉትም ለውጥ አላመጣም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የተበላሸውን ሲሊንደር ወደ ጎን አድርጎ ሌላ ያነሳ ነበር። እነሱ ግን ብረቱን በመጋዝ ለሁለት ከፈሉት። ውስጡ ሰም የሚመስል ነጭ ዱቄት ተጋግሮ ተገኘ። የጋዙ ቅንጣቶች ማንም ሳያዛቸው እርስ በርስ ተያይዘው ረጃጅም ሰንሰለት ሠርተዋል።

ፕላንኬት ዱቄቱን በየአሲዱ ቢነክረው አልሟሟም፤ ቢያሞቀውም ከሚያውቃቸው ፕላስቲኮች በላይ ሙቀት ቻለ፤ በጣት ሲዳሰስ ደግሞ እጅግ ያንሸራትታል። ምክንያቱ በሰንሰለቱ አሠራር ላይ ነው። የካርቦን ሰንሰለት ዙሪያውን በፍሎሪን ተሸፍኗል፤ የሁለቱ ትስስር እጅግ ብርቱ በመሆኑ ሌላ ነገር መጥቶ የሚጨብጠው ክፍት ቦታ አያገኝም። ዘይትም፣ ውኃም፣ እንቁላልም ላዩ ላይ ይንሸራተታሉ እንጂ አይይዙም።

ውሉ

ኩባንያው የፓተንት ማመልከቻውን ሐምሌ 1 ቀን 1939 አስገባ። የካቲት 4 ቀን 1941 ፓተንቱ በቁጥር 2,230,654 ተሰጠ፤ ፈልሳፊው ፕላንኬት፣ ባለመብቱ ደግሞ ኪነቲክ ኬሚካልስ ሆኖ ተመዘገበ።

ፓተንት በፈልሳፊና በሕዝብ መካከል የሚደረግ ውል ነው። ፈልሳፊው የግኝቱን አሠራር፣ ሌላ ባለሙያ አንብቦ ሊሠራው በሚችል መንገድ፣ ዘርዝሮ ጽፎ ለሕዝብ ያስረክባል። መንግሥትም በምላሹ ለተወሰኑ ዓመታት ሌላ ሰው እንዳይሠራው፣ እንዳይሸጠው ይከለክልለታል። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ሕግ የጥበቃው ዘመን ፓተንቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 17 ዓመት ነበር። ጊዜው ሲያልቅ ዕውቀቱ የሁሉም ይሆናል። በዚህ መጥበሻ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ የመግለጥ ግዴታ ነው። ኩባንያው ፈጠራው እንዴት እንደሚሠራ ለሕዝብ ገልጧል። ስለሚያስከትለው ጉዳት ያወቀውን ግን ለብዙ ዓመታት አልገለጠም።

መጀመሪያ ዱቄቱ ወደ ማድ ቤት አልሄደም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተፋፍሞ ነበር። የአቶሚክ ቦምቡን ይሠሩ የነበሩ ሳይንቲስቶች የሚጠቀሙበት ዩራኒየም ሄክሳፍሎራይድ የተባለ ውሕድ የነካውን ጎማና አብዛኛውን ብረት ይበላ ነበር። የፕላንኬትን ዱቄት ግን አልበላውም። ስለዚህ የቱቦ መጋጠሚያዎችና ጋስኬቶች ከእሱ ተሠሩ፤ የጦርነቱ ዘመን ምርት በመንግሥት እጅ ገባ። በጦርነቱ ማብቂያ፣ በ1945፣ ዱፖንት ቴፍሎን የሚለውን ስም በንግድ ምልክትነት አስመዘገበ።

ከዚህ በኋላ አንዱ ነገር ሁለት ጠባቂ አገኘ። ፓተንቱ ዱቄቱን ይጠብቃል፤ ዕድሜው ግን የተቆረጠ ነው። የንግድ ምልክቱ ስሙን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ እስከተጠቀመበትና እስካሳደሰው ድረስ ዕድሜው ገደብ የለውም።

በ1950 በዌስት ቨርጂኒያ፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ ፓርከርስበርግ ከምትባል ከተማ አጠገብ ያለው ዋሽንግተን ወርክስ ፋብሪካ ቴፍሎንን በብዛት ማምረት ጀመረ። በ1951 ደግሞ ከስሪኤም ኩባንያ ፒኤፍኦኤ የተባለ ኬሚካል መግዛት ተጀመረ። ስምንት የካርቦን አቶሞች ስላሉት ሠራተኞቹ ሲ-8 ይሉት ነበር። ሥራው ቴፍሎን ውኃ ውስጥ ሲመረት ቅንጣቶቹ እንዳይጓጉሉ ማድረግ ነበር።

በሚስቱ ምክር

ቴፍሎንን መጥበሻ ላይ ለማድረግ የሚፈልግ ሰው አንድ ግልጽ ችግር ይገጥመዋል፤ ምንም የማይይዘው ነገር ራሱስ ብረት ላይ እንዴት ይያዝ?

ምግብ እንዳይይዝ የዕቃውን ገላ ማዘጋጀት ለኢትዮጵያ ባለሙያ ሴቶች ጥንታዊ ሥራ ነው። አዲስ የሸክላ ምጣድ ተገዝቶ እንደመጣ እንጀራ አይጋገርበትም፤ መጀመሪያ ይሟሻል። ምጣዱ በእሳት ይግላል፤ የጎመን ዘር ዱቄት እየተነሰነሰ በጨርቅ ደጋግሞ ይታሻል። የዘሩ ዘይት በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ገብቶ ሲቃጠል ገላው ይጠቁራል፣ ይለሰልሳል፤ እንጀራውም ሳይይዝ ይነሳል። ከዚያም በኋላ በየጋገራው ማሰሻው አይቀርም። ይህ ዕውቀት ፈልሳፊው አልተመዘገበም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ የሁሉም ሀብት ነው።

ለብረቱ ጥያቄ መልስ የመጣው ከፈረንሳይ ነበር። ማርክ ግሬጎዋር ዓሣ ማጥመድ የሚወድ መሐንዲስ ነው፤ የማጥመጃ መሣሪያዎቹን በቴፍሎን ለመሸፈን ይሞክር ነበር። አሉሚኒየሙን አስቀድሞ በአሲድ ማስበላት መፍትሔ ሆነ። አሲዱ በብረቱ ገላ ላይ በዓይን የማይታዩ ጉድጓዶችን ይፈጥራል፤ ቴፍሎኑ እዚያ ከገባ በኋላ በከፍተኛ ሙቀት ሲቀልጥ በየጉድጓዱ ይቆለፋል። ስለዚህ ሽፋኑ ብረቱ ላይ የሚጸናው በኬሚካል ትስስር ሳይሆን ጉድጓዶቹ ውስጥ በመቆለፉ ነው።

ይህን ዘዴ ከማጥመጃ ወደ መጥበሻ እንዲያዞረው የመከረችው ባለቤቱ ኮሌት ናት። በሷ ምክር የማድ ቤቱን ዕቃ ሸፈነ። በ1954 ፓተንት አወጣ፤ በ1955 ቤታቸው ውስጥ ያዘጋጇቸውን መጥበሻዎች ኮሌት መንገድ ላይ ትሸጥ ነበር። በ1956 ባልና ሚስቱ ኩባንያ አቋቋሙ፤ የቴፍሎንንና የአሉሚኒየምን ስም አዳቅለውም ቴፋል አሉት። በፓተንቱ ላይ የሚነበበው የግሬጎዋር ስም ነው። ዓለምን ያዳረሰውን ዕቃ ያስገኘው ጥያቄ ግን በየቀኑ ድስት ከምታጥብ ሴት የመጣ ነው፤ በማድ ቤት ዕቃዎች ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ድርሻ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር መቅረቱ ያሳዝናል።

በ1958 የፈረንሳይ መንግሥት ቴፍሎን ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ እንዲውል ፈቀደ፤ ግሬጎዋሮች በዚያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ዕቃ ሸጡ። በዚያው 1958 የፕላንኬት የ17 ዓመት ፓተንት ዘመኑን ጨረሰ። ዱቄቱ ለማንኛውም አምራች ክፍት ሆነ። ለዱፖንት የቀረው ትልቁ ሀብት ስሙ ነበር።

ስሙን መጠበቅ

በእነዚያ ዓመታት ፓሪስ ውስጥ ግሬጎዋርን ያገኘው ቶማስ ሃርዲ የተባለ አሜሪካዊ መጥበሻውን ወደ አገሩ ወሰደ። መጀመሪያ የሚቀበለው ሱቅ አጣ። ዱፖንትም ራሱ በጥንቃቄ ያየው ነበር፤ ስሙ ያለበት ዕቃ ቢያሳፍር ዳፋው ለእሱ እንደሚተርፍ ያውቃል። በመጨረሻ ታኅሣሥ 15 ቀን 1960 ኒው ዮርክ በሚገኘው ታላቁ የሜሲስ መደብር መጥበሻው በ6.94 ዶላር ለሽያጭ ቀረበ። ከተማዋን የበረዶ ውሽንፍር መትቷት ነበር፤ የመጣው ዕቃ ግን ቶሎ ተሽጦ አለቀ። በ1961 አጋማሽ የአሜሪካ ገበያ ፍላጎት በወር አንድ ሚሊዮን ደረሰ።

ቴፋል የሚለው ስም ግን አሜሪካ ሲገባ ችግር ገጠመው። ዱፖንት ለቴፍሎን እጅግ ይቀርባል ብሎ ተቃወመ። ስለዚህ ዕቃው እዚያ የሚሸጠው ቲ-ፋል እየተባለ ነው፤ እስከ ዛሬም በአሜሪካ ሱቆች የሚታየው ይኸው ስም ነው።

ፓተንቱ ስላለቀ ብዙ አምራቾች ወደ ሥራው ገቡ። አንዳንዶቹ ብረቱን በቅጡ ሳያዘጋጁ ስስ ሽፋን ቀብተው ሸጡ፤ ሽፋኑ በጥቂት ሳምንት ተላጠ። ገዢው የፋብሪካውን ስም አላስታወሰም፤ የረገመው ቴፍሎንን ነው። ዱፖንት የንግድ ምልክቱን መሣሪያ አድርጎ ተነሳ። መጥበሻ ሠሪዎች የሽፋኑን ውፍረትና ጥንካሬ የሚመለከት መስፈርት ካላሟሉ በስሙ እንዳይጠቀሙ ከለከለ፤ ያሟሉት ግን የጥራት ማረጋገጫ ምልክት ተሰጣቸው። የንግድ ምልክት ከሻጩ ይልቅ ለገዢው የሚጠቅምበት ጊዜ ይህ ነው፤ ስሙ የሚታመን የሚሆነው ከጀርባው ሊፈተሽ የሚችል መስፈርት ሲኖር ነው። በ1968 ቴፋል በሌላው የፈረንሳይ የማድ ቤት ዕቃ አምራች፣ በሴብ፣ ተገዛ፤ በ1976 ደግሞ ዱፖንት የበለጠ ጠንካራ ሽፋን ሲልቨርስቶን በሚል አዲስ ስም አወጣ።

በመካከሉ ስሙ ራሱ ፍርድ ቤት ቆመ። የጃፓኑ ዮሺዳ ኩባንያ ኤፍሎን የሚል ዚፕ ሲሸጥ ዱፖንት ከሰሰ። ዮሺዳም ቴፍሎን የዕቃው የወል ስም ሆኗል፤ የማንም አይደለም ብሎ ተከራከረ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ስም የወል ስም ከሆነ ባለቤቱ መብቱን ያጣል። ለፍርዱ የሕዝብ ጥናት ቀረበ፤ ተጠያቂዎቹ የተለያዩ ስሞች እየተነገሯቸው የአንድ አምራች መለያ ነው ወይስ የወል ስም ብለው እንዲለዩ ተደረገ። 68 በመቶ የሚሆኑት ቴፍሎን የአምራች መለያ ነው አሉ። በ1975 ዱፖንት ረታ። የጥናቱ አጠያየቅ እስከ ዛሬ በንግድ ምልክት ጠበቆች ዘንድ በቴፍሎን ስም ይጠራል።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያንም ቀስ በቀስ የማይዝ ሽፋን ወዳለው ዕቃ ዞሩ። የሸክላ ምጣዱና የእንጨቱ እሳት በአፓርትማ አይሆንም። ብዙዎች የኖርዌይ ተወላጆች ለፍሳ የሚባለውን ቂጣቸውን የሚጋግሩበትን ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለእንጀራ አዋሉት። በኋላም ለእንጀራ ተብለው የተሠሩ፣ የማይዝ ሽፋን ያላቸው የኤሌክትሪክ ምጣዶች ገበያ ላይ ዋሉ። ማሟሸት በሽፋን ተተካ።

ያልተገለጠው

ስሙ በሱቅና በፍርድ ቤት ሲታፈር፣ በፋብሪካው ሌላ መዝገብ እየተጻፈ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የዱፖንት ተመራማሪዎች ሲ-8 የእንስሳትን ጉበት እንደሚያሳብጥ አይተዋል። በ1981 ስሪኤም ኬሚካሉ በአይጥ ሽሎች ላይ ጉዳት እንዳሳየ ለዱፖንት አሳወቀ። ዱፖንት በዚያው ዓመት ሴት ሠራተኞችን ከዚያ ክፍል አነሳ፤ ከወለዱት ሰባት ሠራተኞች የሁለቱ ሕፃናት የዓይን ጉድለት ነበረባቸው። በ1984 ኩባንያው በፋብሪካው አካባቢ የቧንቧ ውኃ ውስጥ ሲ-8 መኖሩን በራሱ ምርመራ አረጋገጠ። ውኃውን የሚጠጡት ሰዎች ግን አልተነገራቸውም።

ምስጢሩ የወጣው በአንድ ከብት አርቢ በኩል ነው። የፓርከርስበርጉ ዊልበር ቴናንት የፋብሪካው ቆሻሻ ከሚደፋበት ቦታ በታች ከሚፈሰው ጅረት የሚጠጡ ላሞቹ እያበዱ፣ እየከሱ አለቁበት፤ ከ150 በላይ ሞቱ። ያየውን ሁሉ በቪዲዮ ቀረጸ። በአካባቢው ሰሚ ቢያጣ በ1998 ኦሃዮ ሲንሲናቲ ለሚገኝ ሮብ ቢሎት ለሚባል ጠበቃ ደወለ። ቢሎት ሥራው ኬሚካል ኩባንያዎችን መከላከል ነበር፤ ሆኖም ጉዳዩን ያዘ። በ1999 ክስ መሠረተ፤ ፍርድ ቤቱም ዱፖንትን ሰነዶቹን እንዲያስረክብ አዘዘ። ከመቶ ሺህ በላይ ገጾች መጡ። ቢሎት ወለል ላይ ዘርግቶ በየዓመቱ ደረደራቸው፤ ኩባንያው ምን እንደሚያውቅና ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቅ በራሱ ሠራተኞች ብዕር ተጽፎ ነበር።

በ2001 ቢሎት ያገኘውን ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ላከ፤ ውኃው የተበከለባቸውን ነዋሪዎች ወክሎም የጋራ ክስ አቀረበ። በ2004 በተደረገው ስምምነት ዱፖንት የውኃ ማጣሪያ እንዲያስገባና ገለልተኛ የሳይንቲስቶች ቡድን ጉዳቱን እንዲያጠና ተወሰነ። ከክሱ የሚገኘውን ገንዘብ እያንዳንዱ ነዋሪ ወስዶ ሊሄድ ይችል ነበር። ሕዝቡ ግን ክፍያውን ከደም ምርመራው ጋር አያይዞ 69 ሺህ ያህል ሰው ደሙን ሰጠ። ለሳይንስ እንዲህ ያለ መረጃ ያበረከተው የተበደለው ሕዝብ ራሱ ነው።

በ2005 ዱፖንት የሚያውቀውን ለመንግሥት ባለማሳወቁ ከኤጀንሲው ጋር በ16.5 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። በ2006 ኤጀንሲውና ትላልቆቹ አምራቾች ሲ-8ን እስከ 2015 ለማስወገድ ተስማሙ። የሳይንቲስቶቹ ቡድን በ2012 ሥራውን ሲጨርስ ሲ-8 ከስድስት ሕመሞች ጋር ግንኙነት ሳይኖረው እንደማይቀር አስታወቀ፤ እነሱም የኩላሊት ካንሰር፣ የዘር ፍሬ ካንሰር፣ የታይሮይድ ሕመም፣ የትልቁ አንጀት ቁስለት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት ናቸው። በ2015 ዱፖንት የቴፍሎንን ንግድ ከነስሙ ኬሞርስ ለተባለ አዲስ ኩባንያ አስተላለፈ። በ2017 ሁለቱ ኩባንያዎች ከ3,500 በላይ ክሶችን ለመዝጋት 671 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በ2019 ሲ-8 በስቶክሆልም ስምምነት ዓለም አቀፍ እገዳ ከተጣለባቸው ኬሚካሎች ተርታ ገባ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ትልቁ ጉዳት የደረሰው በፋብሪካው ውስጥና ዙሪያ ባሉ ሰዎች ላይ ነው፤ ሲ-8 የማምረቻ አጋዥ እንጂ የሽፋኑ ዋና አካል አልነበረም። ያለቀለት ሽፋን በተለመደው የማብሰያ ሙቀት የተረጋጋ ነው። ባዶ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ላይ ተረስቶ ከመጠን በላይ ሲግል ግን ሽፋኑ ይበታተናል፤ ጭሱ ሰውን እንደ ጉንፋን ያንቀጠቅጣል፣ በቤት የሚያድሩ ወፎችን ይገድላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጥበሻ ያለው ሰው መካከለኛ እሳት ይጠቀም፣ ባዶውን አያግለው፣ በብረት ማንኪያም አይፋቀው።

ሲ-8ን የተካው ጄንኤክስ የተባለ ኬሚካል በበኩሉ በ2017 በኖርዝ ካሮላይና ኬፕ ፊር ወንዝ ውስጥ መገኘቱ ታወቀ። የሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ከጥር 2025 ጀምሮ የእነዚህ ኬሚካሎች ቤተሰብ ሆን ተብሎ የተጨመረበት የማብሰያ ዕቃ እንዳይሸጥ ከለከለ።

ለእኛም የሚሆን ትምህርት

ኢትዮጵያ ፈጠራን የሚጠብቅ አዋጅ ያወጣችው በ1995 ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 123/1995 ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ሊጨመርለት ይችላል። የንግድ ምልክት ደግሞ በ2006 በወጣው አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት ለ7 ዓመት ተመዝግቦ እየታደሰ ይቀጥላል። ምድጃና ምጣድ የሚያሻሽሉ የአገራችን ፈልሳፊዎች ይህን መንገድ ሊያውቁት፣ ሊጠቀሙበት ይገባል። ነገር ግን የምዝገባ ወረቀቱ የሚናገረው የአንድን ነገር አዲስነትና ባለቤትነት ብቻ ነው። ጤናማነቱን አይመሰክርም፤ ሲመረት ማን ምን እንደሚጠጣም አይናገርም።

ይህን የሚያጣራ የተለየ ዓይን ያስፈልጋል፤ ነጻ ላቦራቶሪ፣ ደፋር ተቆጣጣሪ፣ ሰነድ የሚያስወጣ ፍርድ ቤት፣ እንደ ቴናንትም ያየውን ቀርጾ የሚጮህ ሰው። ፈልሳፊ የሥራውን ጥቅም ሲገልጥ ሕዝብ የብቻ መብት ሰጥቶት ይክሰዋል። የሥራውን ጉዳት ሲያውቅ መግለጡ ደግሞ ያለ ምንም ካሣ የሚከፈል ዕዳው ነው፤ ሕጋችን ሁለቱንም እኩል አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባል።